ዋናው ሥራህስ?

ባሕር ዳር ውስጥ ከአዲስ ሰው ጋር ስተዋወቅ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይደርሳል።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ጊታር አስተምራለሁ።»

«እሱስ ጥሩ ነው። ዋናው ሥራህስ?»

የባጃጅ ሾፌር ጠይቆኛል። ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ተጠይቄአለሁ። ለቅሶ ቤት አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባትም ጠይቀውኝ ያውቃሉ። ማንም በክፋት አይጠይቅም። ሙዚቃ ማታ ማታ የሚሠራ፣ ቀን ላይ ሌላ እንጀራ የሚያስፈልገው ነገር ተደርጎ ስለሚታሰብ ነው። እኔ ግን ከዚህ ሌላ ሥራ የለኝም። በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ድሮ ጥያቄው ያመኝ ነበር። ፈገግ ብዬ አልፋለሁ እንጂ አልመልስም። ሰሞኑን አንዲት የተማሪ እናት ያንኑ ስትጠይቀኝ ግን፣ ይሄ መንገድ ላይ ቆሞ የሚመለስ አይደለም ብዬ ለመጻፍ ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ መሣሪያውን ላስተዋውቅ። ጊታር ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው ባንድ ነው። ሊድ ጊታር፣ ቤዝ ጊታር፣ ትልልቅ ስፒከር፣ ሰርግ። የኔው እኛ «ቦክስ ጊታር» ከምንለው ወገን ነው። ክሮቹ ግን ብረት አይደሉም፤ ሦስቱ ቀጫጭኖች ጥርት ያለ ናይሎን ናቸው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። በፒክ (በትንሽ የክር መምቻ) ሳይሆን በጣት ነው የሚመታው። አውራ ጣት ወፍራሞቹን ክሮች ይዞ ከሥር ይሄዳል። ሌሎቹ ሦስት ጣቶች ከላይ ዜማውን፣ መሃል ላይ ደግሞ አጃቢውን ይሠራሉ። ትንሿ ጣት ታርፋለች። ክላሲካል ጊታር የሚባለው ይሄ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ እንደ ሦስት ሰው ይጫወታል።

ድምፁ ግን ትንሽ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሃያ ሰው ዝም ካለ ጥርት ብሎ ይሰማል። አንዱ ስልክ ካነሳ አለቀ። የኔን ኑሮ የወሰነው ይሄ ትንሽነቱ ነው።

አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ፣ ሽመና ክፍል ነበር የሚሠራው። ፈረቃውን ጨርሶ ሲመጣ የማሽኑ ጩኸት ከጆሮው አይወጣም። ቤት ውስጥም ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው። ሬዲዮው እስከ መጨረሻው ይከፈታል። እኛም ጮክ ብለን እያወራን አደግን። ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየ የፖሊ (የፖሊቴክኒክ) ተማሪ ነበር። ማታ መብራት ሲጠፋ በሩ ላይ ተቀምጦ ቦክስ ጊታሩን ይነካካል። የሚያውቀው ሦስት አራት ዜማ ነው፤ እሱንም እየተሳሳተ። አንድ ማታ አባቴ እናቴን የሆነ ነገር ሊጠይቃት አፉን ከፈተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ምን ሆነ ብዬ ዞር አልኩ። ፊቱን ወደ ልጁ በር አዙሮ ያዳምጣል። አባቴ ሲያንሾካሽክ ያየሁት ያን ማታ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ልጁ ተመርቆ ሲሄድ ጊታሩን ለኔ ትቶልኝ ሄደ።

ከዚያ አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ኖርኩ። ቤቱ የሚያስተምር አንድ ጥሩ መምህር አገኘሁ። ኖታ ማንበብ፣ የእጅ አቀማመጥ፣ ዝግ ብሎ መለማመድ ከሱ ያገኘሁት ነው። ቀን ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ፣ ማታ እለማመዳለሁ። ስለዚያ ዘመን ከዚህ ሌላ ብዙ የምለው የለኝም። አባቴ ሲታመም ለአንድ ወር ብዬ ወደ ባሕር ዳር መጣሁ። አልተመለስኩም።

የመጣሁበትን ቀን ግን አልረሳውም። ያጠራቀምኩትን ሁሉ አውጥቼ የገዛሁት ጊታር ነበረኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ቦታ የለም ተባለና ጣራ ላይ ተጫነ። «አታስብ፣ እኛ አለን» አለኝ ረዳቱ። ግንቦት ነው። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መሃሉ ላይ አባይ በረሃ አለ። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ሲወረድ ሙቀቱ በመስኮት እንደ ምድጃ ይገባል። ጣራ ላይ ፀሐይ የሚመታው ጥቁር ሳጥን ደግሞ ምን እንደሚሆን አስቡት። ማታ ቤት ደርሼ ስከፍተው ብሪጁ፣ ክሮቹ የሚታሰሩበት፣ ከእንጨቱ ተላቆ በክሮቹ ተንጠልጥሏል። ፊቱ ከሥሩ ተሰንጥቋል። ኮላው ቀልጧል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጊታር የሚጠግን ሰው አላገኘሁም። ሽምብጥ ሰፈር በርና አልጋ የሚሠሩ አንድ አናጺ ነበሩ። ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት። በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉት። ጆሯቸውን አስጠግተው ደገሙት። እንዳይፈሩት ብዬ ስለ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ነገርኳቸው። ቶሬስ (እ.ኤ.አ. 1817–1892) ስፔናዊ ነው፤ አናጺ ነበር። ዛሬ የምንይዘውን የክላሲካል ጊታር መልክ ያስያዘው እሱ ነው። የክሩ ርዝመት እንኳ እስከ ዛሬ እሱ በተወው 65 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 አንድ ለየት ያለ ጊታር ሠራ። ፊቱን ከጥሩ እንጨት አደረገው፤ ጀርባውንና ጎኑን ግን ከተቦካ ወረቀት። ድምፁን የሚሰጠው ፊቱ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ሰውዬው ብዙም አልተገረሙ።

«ታዲያ ክራርስ?» አሉኝ። «ሆዱ ሳህን ሆኖም ይጮኻል እኮ። የሚያወራው ቆዳው ነው።»

እኔ በመጽሐፍ ስፔን ድረስ ሄጄ ያመጣሁትን ነገር እሳቸው ሱቃቸው ቁጭ ብለው ያውቁታል። «ጋሼ፣ እውነትዎን ነው» አልኳቸው። ስንጥቁን አጣብቀው፣ ከውስጥ በስስ እንጨት ደግፈው፣ በገመድ ጠፍረው ሁለት ሳምንት አቆዩት። ጠባሳው ዛሬም በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። እስካሁን የምጫወተው በሱ ነው።

(ጊታር ላላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እንጨት አየር ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ እርጥበት ሲበዛ ያብጣል። የካቲትና መጋቢት ላይ ጣና አጠገብ ነን ብላችሁ አትዘናጉ፤ አየሩ ደረቅ ነው። እኔ የሳሙና ማስቀመጫ ፕላስቲክ እበሳና ውስጡ እርጥብ ስፖንጅ ጨምቄ እከታለሁ። ሳጥኑ ውስጥ ከጊታሩ አንገት ሥር አስቀምጠዋለሁ። ሐምሌና ነሐሴ አወጣዋለሁ። ብዙ ጊታር ያተረፍኩት በዚህ ነው።)

የመጀመሪያ ቀን ለማንም ልጅ ኮርድ (አብረው የሚነኩ ድምፆች) አላስይዝም። ግራ እጁን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። በቀኝ አውራ ጣቱ ስድስቱን ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ አንድ በአንድ ይነካል። ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ። ድምፁ እስኪጠፋ ይጠብቃል፤ ከዚያ ቀጣዩን። አሰልቺ ይመስላል። እኔም ለብዙ ዓመት እጅ ማፍታቻ ብቻ አድርጌ ነበር የማየው።

አንድ ክረምት የዓሣ አስጋሪ ልጅ የሆነች የዘጠኝ ዓመት ልጅ መጣች። ክሮቹን እንድትነካ ነግሬአት ወደ ሌላው ተማሪ ዞርኩ። ትንሽ ቆይቶ ማንጎራጎር ሰማሁ። ክሮቹን በኔ ተራ አይደለም የምትነካው። ሦስተኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ተመልሳ አራተኛውን። ግራ እጇ ጭኗ ላይ ነው። እየነካች አብራ ታንጎራጉራለች።

«ቲቸር፣ ይኼን አውቀዋለሁ» አለችኝ።

«ከየት?»

«እንጃ። አውቀዋለሁ።»

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። የጊታር ልቅ ክሮችን ድምፅ ከሶል ጀምራችሁ ደርድሩት፤ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ይሆናል። አምስት ድምፅ፤ ሚ ሁለቴ ይመጣል። ይሄ ትዝታ ነው። ከሶል የተነሳ ትዝታ ሜጀር፣ አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይተርፍ። ስድስት አውታር ያለው ክራርም እንዲሁ ነው፤ አምስት ድምፅ አለው፣ ስድስተኛው አውታር ያንዱ ድጋሚ ነው። ማንም ሳያስበው፣ አውሮፓ ውስጥ የተቃኘው ጊታር ያለ ግራ እጅ ትዝታ ይጫወታል። እኔ በእጄ ይዤው ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬ አልሰማሁትም። ልጅቷ በአሥር ደቂቃ ሰማችው።

የማስተማሬ ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ ተለወጠ። ድሮ ባዶ ዕቃ የምሞላ ይመስለኝ ነበር። ልጅ ግን ጆሮውን ይዞ ነው የሚመጣው። ከእናቱ ጀርባ፣ ከማኅሌት፣ ከሰርግ፣ ከልቅሶ የሰማው ሁሉ እዚያ አለ። አሁን ከትዝታ እጀምራለሁ፤ ግራ እጅ ሥራ ሲጀምር ባቲ እንገባለን። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። ከዚያ አምባሰል። አንቺ ሆዬን መጨረሻ ላይ ነው የማመጣው፤ ድምፆቹ ለጣትም ለጆሮም ይከብዳሉ። የክራር ሰዎች ፍሬቱ ልክ አይደለም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ፍሬት የጊታሩ አንገት ላይ አንድ ቦታ ተመትቶ የቀረ ብረት ነው። ክራር ተጫዋች ግን በጆሮው አንዱን ድምፅ ትንሽ ከፍ፣ ሌላውን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይቃኛል። ይሄን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። ከቻልኩ ክራር የሚደረድር ሰው ጠርቼ አሰማቸዋለሁ።

የወላጆች ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው። ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይመጣሉ። «በሦስት ወር ይጨርሳል?» ይሉኛል። በሦስት ወር ልጁ መቀመጥና ዝግ ብሎ መንካት ከተማረ ደስታዬ ነው። ጣሊያናዊው ማውሮ ጁሊያኒ (እ.ኤ.አ. 1781–1829) ለቀኝ እጅ ብቻ 120 ልምምዶች ጽፏል። በ120ዎቹ ግራ እጅ የሚይዘው ሁለት ኮርድ ነው፤ ዶ ሜጀርና ሶል ሰባት። ሐሳብ ሁሉ ወደ ቀኝ እጅ እንዲሄድ ነው። እኔ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ከነዚያ አሥሩን ሳልጫወት ቡና አልጠጣም።

ለወላጆች ግን የጁሊያኒን ነገር አላወራም። ስለ ዜማ ቤት ነው የማወራው። ደብረ ታቦር ከኛ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። አቋቋም የሚማር ሰው እዚያ ዓመታት ይቀመጣል። ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ ይሄዳል። ቁራሽ እየለመነ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ሌሊት እየተነሣ። «በሦስት ወር ትጨርሳለህ?» ብሎ የጠየቀው የለም። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ የማያውቅ ቤት ደግሞ የለም። ትምህርት አልገባ ብሎት ጠፍቶ ሲሄድ፣ ከዛፍ ሥር አረፍ ብሎ ትሏን ያየባትን ታሪክ። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ወጣች። ይህን ስላቸው አብዛኞቹ ወላጆች ዝም ይላሉ። ይገባቸዋል። ለዜማ የሚሆን ትዕግሥት እኛ አገር ሞልቷል። ጊታሩም ያንን እንደሚፈልግ የነገራቸው አልነበረም።

ከዜማ ቤት የመጣ ተማሪም ነበረኝ። ድቁና የተቀበለ ልጅ ነው፤ ድጓ ጀምሮ ነበር። ጊታር መማሩን መጀመሪያ ለማንም አልተናገረም። ኖታ ማንበብ ሳስተምረው ከሁሉም ቀደመ። በፊደል ላይ የሚጻፍ ምልክት አይቶ ዜማ ማውጣትን ለምዷልና። የኛ የዜማ ምልክት ትልቅ ነገር ነው። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1500ዎቹ አጋማሽ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁት ይነገራል። ከኖታ ግን ይለያል። ኖታ የማታውቀውን ዜማ ቁመቱንና ርዝመቱን ለክቶ ይሰጥሃል። ምልክት ከመምህርህ አፍ የሰማኸውን ያስታውስሃል። ያለ መምህር ምልክቱ ብቻውን አይናገርም። ይህን ልዩነት ያስረዳኝ ልጁ ነው።

የስፔናዊውን ጊታሪስት የፈርናንዶ ሶርን አንድ ልምምድ ሰጠሁት። ኦፐስ 35 ቁጥር 22፣ ሲ (B) ሚነር ላይ ያለውን። ጣቶቹ በሁለት ሳምንት ለመዱት። ሲጫወተው ግን ደረቅ ነበር። ሁሉም ድምፅ እኩል ነው፤ እንደ ሰዓት ይቆጥራል። እሱም አልጣመውም። አንድ ቀን ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ጠየቀኝ።

«ቲቸር፣ ይኼ ምን ይላል?»

«ቃል የለውም። ዜማ ብቻ ነው።»

«ቃል ከሌለው የት ላይ ነው የሚተነፈሰው?»

መልስ አልነበረኝም። ስንት ዓመት ስጫወተው የት እንደምተነፍስ አስቤ አላውቅም። «እስቲ አንተ ቃል ስጠው» አልኩት። ሄደ። በሳምንቱ መጣ። የራሱን ስንኝ በዜማው ልክ ገጥሞለት ነበር። ስለ እናቱ አገር፣ ስለ ወንዝ። መጀመሪያ ዓይኑን ጨፍኖ በቃሉ አዜመው። ከዚያ ቃሉን ትቶ በጊታር ተጫወተው። እስትንፋሱ ጣቱ ላይ ገብቶ ነበር። ሐረጉ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ድምፁ ይሳሳል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይነሣል። አጠገቡ የነበሩት ሁለት ልጆች የራሳቸውን ክር በእጃቸው አፍነው ዝም አሉ። ያን ማታ አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያወራ ያየሁት ትዝ አለኝ።

ሶር (እ.ኤ.አ. 1778–1839) በልጅነቱ ስፔን ውስጥ ሞንሴራት የሚባል ገዳም ገብቶ ከሕፃናት መዘምራን ጋር ነው ሙዚቃ የተማረው። ይህን ስነግረው ልጁ ራሱን ነቀነቀ። «ለካ የዜማ ቤት ሰው ነው» አለኝ። አሁን አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቷል።

ስለ ጥፍሬም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። የቀኝ እጄ ጥፍሮች ረጃጅም ናቸው፤ የግራዬ አጭር። ብዙ ክላሲካል ጊታሪስት ክሩን በጥፍርና በሥጋ መሃል ነው የሚነካው። አንድሬስ ሴጎቪያ (እ.ኤ.አ. 1893–1987) ዓለምን ያስለመደው እንደዚያ ነው። ጥፍሬን ጠዋት በደቂቅ ብርጭቆ ወረቀት አስተካክላለሁ። ትንሽ ከሻከረ ድምፁ ይፋጫል። እኛ ግን የምንበላው በቀኝ እጅ ነው። እንጀራ ቆርሼ ወጥ ሳጠቅስ፣ ለሰው ሳጎርስ፣ ለቅሶ ቤት ከትልልቅ ሰዎች ጋር አንድ ትሪ ስቀርብ ሰው ጥፍሬን ያያል። እጄን ሁለቴ ታጥቤ ነው የምቀርበው። ሆኖም አያለሁ።

አባቴ ሲሞት ሁሉንም ቆረጥኳቸው። እናቴ አልጠየቀችኝም። ድንኳን ውስጥ ሰው እየተቀበልኩ፣ እያጎረስኩ በነዚያ ጥፍሮች መቀመጥ አልቻልኩም። አርባው እስኪያልፍ ጊታር አልነካሁም፤ ጥፍሬንም በየሳምንቱ እቆርጥ ነበር። ቤቱ ጭር አለ። ጮክ ብሎ የሚያወራው ሰው የለም። ሬዲዮው ተዘግቷል። ተዝካሩ በወጣ በሦስተኛው ቀን ማታ እናቴ ከመደቡ ላይ ሆና፣

«ልጄ፣ ያንን ነገርህን አንሣው እስቲ» አለችኝ።

«እማዬ፣ ይቆይ።»

«አንሣው። ቤቱ ዝም አለ።»

ያለ ጥፍር፣ በጣቴ ሥጋ ብቻ ተጫወትኩ። ትዝታ ነበር። ድምፁ ከወትሮው ግማሽ አይሆንም፤ ወፍራምና ለስላሳ ነው። ስፔናዊው ጊታሪስት ፍራንሲስኮ ታሬጋ (እ.ኤ.አ. 1852–1909) በመጨረሻ ዘመኑ ጥፍሩን ትቶ በሥጋ ይጫወት እንደነበር አነብ ነበር፤ ለምን እንደተወው ያን ማታ ገባኝ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። «እንደ በገና ነው የሚለው» አለች። «በሁዳዴ የሚሰማውን ይመስላል።» በገና የሚደረደረው ለጭፈራ አይደለም። ሰው ከራሱና ከፈጣሪው ጋር የሚቀመጥበት ነው። የኔ መሣሪያ ለምን እንደሚያንስ ስጨነቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። እናቴ ግን ለዚያ ትንሽ ድምፅ ልክ የሆነ ቦታ ነበራት።

ጥፍሬን መልሼ አሳድጌአለሁ። ግን አንዳንድ ዘፈን በሥጋ ብቻ ነው የምጫወተው።

ስለ መድረክ ትንሽ ልበል። ሐይቁ ዳር ያሉ ሆቴሎች ውስጥ ለእራት ሰዓት ተጫውቻለሁ። ጥሩ ምሽቶች ነበሩ፤ ፀሐይ ወደ ዘጌ ስትጠልቅ፣ ታንኳ የሚቀዝፉት ሲመለሱ። አንድ ቦታ ግን ኃላፊው በየምሽቱ መጥቶ «ድምፁን ጨምርልን» ይለኝ ነበር። ማይክ ቀረበ። ከዚያ ሁለተኛ ስፒከር መጣ። ሰዉ ከስፒከሩ በላይ ለመሰማማት ይጮኻል፤ ስፒከሩ ደግሞ ከሰዉ በላይ ይጨመራል። በሦስተኛው ሳምንት ተውኩት። የወሩን ግማሽ ክፍያ አላገኘሁም። ብሩ ያስፈልገኝ ነበር፤ ግን በዚያ ጩኸት ውስጥ ጣቴ የሚሠራውን እኔ ራሴ መስማት አቅቶኝ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ክልላችን ውስጥ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለብዙ ወራት ሌላ ነገር ሆነ። ከቪዲዮ ላይ ታብ (ጣት የት እንደሚያርፍ በቁጥር የሚያሳይ ጽሑፍ) እያዩ የሚማሩ ወጣቶች ነበሩ። የሚያዩት ሲያጡ እኔ ጋ መጡ። «ቲቸር፣ ኖታ አስነብበን» አሉኝ። በእጅ እየገለበጥን ተማርን። አንዱ ልጅ የሶርን ልምምዶች በደብተር ገልብጦ፣ ጓደኛው ከሱ ገልብጦ፣ ሦስተኛው ከዚያ ገልብጦ። ብራና የሚገለብጡ ደብተራዎችን አሰብኩ። ማታ ሰው ሁሉ በጊዜ ቤቱ ይገባል። ከተማዋ ጸጥ ትላለች። ያ ጥሩ ጸጥታ አልነበረም፤ ሁላችንም እያዳመጥን የምንተኛበት ነበር። መስኮቴን ገርበብ አድርጌ ቀስ ብዬ እጫወት ነበር። አንድ ጠዋት አጥር ማዶ ያሉ እናት ውኃ ሲያፈሱ አገኙኝና፣ «ትናንት ለምን ቶሎ ተውከው?» አሉኝ። እንደሚሰሙኝ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ግማሽ ሰዓት ጨመርኩ።

ዋናው ሥራዬ ምን እንደሆነ ለዚያች የተማሪ እናት እንዲህ ብዬ ብነግራት ደስ ይለኛል፦ ልጅሽ ጆሮው ውስጥ ይዞት የመጣ ነገር አለ፤ እኔ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንን እንዲሰማ አስቀምጠዋለሁ። ሌላው ሁሉ ልምምድ ነው።

ያቺ የዓሣ አስጋሪ ልጅ አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር የጊታሯ የመጀመሪያ ክር ተበጠሰ። እዚህ ክር ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቃል። ተስፋ ቆርጣ መጣች። «አባትሽ የመንጠቆ ክር አለው?» አልኳት።

ጊታር ናይሎን የለበሰው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ቀጫጭኖቹ ክሮች እንደ በገና አውታር ከአንጀት ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንጀት ለቁስል መስፊያ ሲፈለግ ከገበያ ጠፋ። አልበርት ኦገስቲን የሚባል የኒውዮርክ ሰው ከሴጎቪያ ጋር ሆኖ ናይሎኑን ለጊታር አበቃው። የጊታር የመጀመሪያው ክር ውፍረት 0.7 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ናይሎን የመንጠቆ ክርም በዚያ ውፍረት ይገኛል። ወፍራሞቹ ሦስቱ ክሮች ላይ ብረት ስለተጠመጠመ ከሐይቅ አይገኙም። ቀጭኑ ግን ይገኛል።

በማግስቱ ከአባቷ ጋር መጣች። አባትየው በር ላይ ቆመው፣ ከጣታቸው ላይ የተጠቀለለ ክር ፈትተው ሰጧት። እኔ ልይዝላት እጄን ስዘረጋ «ተዋት፣ እሷ ታስራለች» አሉኝ። አሰረችው። የኔን አስተሳሰር አልነበረም፤ የአባቷን ነው፣ መንጠቆ የሚታሰርበትን። ብሪጁ ላይ አጥብቃ ሳበችው። አልተላቀቀም። ሁለተኛውን ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ ይዛ፣ አዲሱን ከሱ ጋር እያስማማች ቃኘችው። አባትየው ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ ደፍ ላይ እንደቆሙ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ሰሙ።

አዲስ ናይሎን ይለጠጣል። ሰኞ ስትመጣ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ነበር። ቃኘችው። ረቡዕም ወርዶ ነበር። ቃኘችው። አርብ ለት መጥታ ጆሮዋን አስጠግታ ነካችው፣ ከሁለተኛው ክር ጋር አስተያየችው፣ መቃኛውን ሳትነካ ቀና አለች።

«ቆሟል» አለችኝ።